አትቆይም

በማተሚያ ቤታችን እርማት የሚሠራው በጥንድ ነው። አንዱ የደራሲውን ረቂቅ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ፕሩፍ የምንለውን የሙከራ ሕትመት ከፊቱ ዘርግቶ በእርሳስ ጫፍ ፊደል በፊደል ይከተላል። እኔ አንባቢ ነኝ። እርሳሱን የሚይዘው ሠራተኛው ሁሉ «ደወል» ብሎ የሚጠራው ሰው ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ሰዓት ስለማያዛንፍ ነው። የግቢው ጥበቃ የእጅ ሰዓቱን የሚያስተካክለው የእሱን እግር አይቶ ነው ይባላል። አንድ ቀን ጥበቃውን ጠየቅሁት። «ሰዓቴ ቢሳሳት አይገርመኝም፤ እሱ ቢሳሳት ግን ሐኪም እጠራለሁ» አለኝ።

እኔ ጋሼ ነው የምለው። በዐሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠናል።

ክፍላችን ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ወደ ማሽኑ አዳራሽ የሚያይ መስኮት አለው። ማሽኑ ሲዞር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ለመደማመጥ ነጥቡንም ሰረዙንም በስሙ እጠራለሁ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት እለያለሁ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ሐመሩ ሐ፣ ጸሎቱ ጸ እያልኩ። አዲስ የተቀጠረችው የቢሮ ጸሐፊ በመጀመሪያው ሳምንቷ ለእናቷ ምን ብላ እንዳወራች ነግራናለች፤ «አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ፊደል ይቆጥራሉ፤ እስካሁን አልጨረሱም»። ጋሼ ሲሰማ ሳቅ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። የሳቀው በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ነው።

መጀመሪያ ያስተማረኝ አለመረዳትን ነው። የምታነቢውን ከተረዳሽው ዓይንሽ ያታልልሻል፣ የጎደለውን ፊደል ከራሱ ሞልቶ ያሳይሻል ይለኝ ነበር። እኔ የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለመረዳት ነበር። ያንን ልማድ ለመተው ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ይህ ችሎታ ከሥራ ውጭም ጠቅሞኛል።

ሁለተኛው ትምህርቱ ስለ አሻሚ ቃል ነው። ሁለት መንገድ የሚነበብ ነገር ስታገኚ አንዱን አትምረጪ፤ በኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊና ደራሲውን ጠይቂ። ይህን ነገር እንደ ሃይማኖት ነው የያዘው። አንድ ጊዜ ለአንዲት ቃል ሲል አንድ ደራሲ ቤት ድረስ በእግሩ ሄዷል፤ ደራሲው እንቅልፍ ላይ ነበር ተብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ በረንዳ ላይ ጠብቋል።

ሌላው ሕጉ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ማንም በራችንን አያንኳኳም። ስልክ ቢደወል ጸሐፊዋ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ቀስ ብላ ገብታ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሳትናገር ትወጣለች። እሱ ያየዋል። መልስ የሚሰጠው ከስድስት በኋላ ነው። አለቃው እንኳ ይህን ሕግ ያከብራል፤ ማክበር ሲደክመው ደግሞ «የእርማት ክፍሉ ገዳም ሆኗል» እያለ ኮሪደር ላይ ያጉረመርማል።

ሕጉ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ጥቂት ነን። ጋሼ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ከመጠጥ በቀር ምንም ያልቀረው ሰው ነበር። ያነሳችው ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጅ አልወለደችም፤ እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። እትዬ አልመከረችውም፣ አላስማለችውም። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በርጩማ አስቀምጣ ግማሽ ምላጭ ሰጠችውና የተበላሸ ስፌት ተርትር አለችው። «እስከ ምሳ ብቻ እንዳትጠጣ። ከምሳ በኋላ እንነጋገራለን»። ምሳ በልተው ሲጨርሱ «እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ብቻ»። ሦስት ዓመት ሙሉ ዕድሜውን በግማሽ በግማሽ ቀን እየቆረሰች መለሰችለት። ጨርቁን ሳይነካ ክሩን ብቻ መምዘዝ የለመደው ዓይን ነው በኋላ ለፊደል የዋለው።

ስለ ራስን መግዛት ሰዎች ሲሳለቁ ዝም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። እሱ ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። ቋንቋ ተምሯል፤ በዙሪያው ላሉት ሁሉ የሚታመን ሰው ሆኗል፤ የራሱ ቤት፣ የራሱ መጻሕፍት፣ በመስኮቱ ላይ የሚያሳድጋቸው አበቦች አሉት። ይህ ሁሉ የመጣው ከሰዓቱ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ሰዓቱን ለቅቋል። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። አንድ ባልደረባቸው በድንገት ሞቶ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሥራውን ጥሎ ወጣ። እትዬ በአራተኛው ቀን ከከተማው ዳር አንድ ጋራዥ ውስጥ ያለ ጫማ አገኘችው። ቤት ወስዳ አጥባው፣ አስተኝታው፣ ሲነቃ ያለችውን እሱ ራሱ ነግሮኛል። «ከእንግዲህ ማንም ቢሞት ሰዓትህን እንዳትለቅ። እኔም ብሞት።»

ባለፈው ዓመት እትዬ ታመመች። ሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ስትተኛ እሁድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ የእሷ አልጋ በበሩ ትይዩ ነበር። ሰውነቷ አልቆ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። ገና ሳልቀመጥ ከላይ እስከ ታች አየችኝና የቀሚሴ ጠርዝ በማን እንደተሰፋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ባይሰፋ ይሻል ነበር» አለች። ከዚያ ወንድሟን በአገጯ እያመለከተች፣ «ይሄን ሰው ቀና ብሎ መሳቅ አስተምሪልኝ። እኔ ያስተማርኩት አንገት መድፋት ብቻ ነው» አለችኝ።

ልንወጣ ስንነሳ እጁን ያዘችው።

«ያኔ ያልኩህን ተወው። እኔም ብሞት ያልኩህን።»

«ምን ማለትሽ ነው እትዬ?»

«ተሳስቼ ነው ያልኩት። ተራዬ ሲደርስ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ጥለህ ትመጣለህ። ብቻዬን መሆን አልፈልግም።»

«እመጣለሁ» አላት።

«ሮጠህ?»

«ሮጬ።»

«አንተና ሩጫ» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት።

ደረጃውን ወረድን። ታች ስንደርስ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ባለው ጊዜ ቢጠሩኝስ ብሎ ጠየቀኝ። ጥለህ ትሄዳለህ አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከወጣሁ በኋላስ ወዴት እንደምሄድ በምን አውቃለሁ አለኝ። ፊቱን ሳየው የእውነት እንደፈራ ገባኝ። ወደ እሷ ነዋ የምትሄደው አልኩት። «አዎ» አለ። «ወደ እሷ»።

ከዚያ እሁድ በኋላ በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። እናርመው የነበረው መጽሐፍ ራስን ስለ መግዛትና ስለ ተሟላ ሕይወት የሚያትት ነው። የጻፈው በየአዳራሹ ሰው እየሰበሰበ የሚያሠለጥን ሰው ነው። ቀጠሮ ስለ ማክበር የጻፈውን ምዕራፍ ያመጣልን ከቀጠሮው አንድ ወር ዘግይቶ ስለነበር ማሽን ክፍሉ ውስጥ መሳቂያ ሆኖ ከርሟል። ጋሼ ግን በደራሲ አይስቅም። ሥራው ፊደሉ እንጂ ሰውየው አይደለም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጸሐፊዋ ገባች። ወረቀቱን ጥጉ ላይ አስቀምጣ እንደ ሁልጊዜው በእግሯ ጣት እየተራመደች ወጣች። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ተገልብጦ የተቀመጠ ጽሑፍም ያነባል። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ አነበብኩት።

«ከሆስፒታል ተደውሎ ነበር። እህትዎ አትቆይም ብለዋል።»

ቃሉ ሁለት መንገድ ይነበባል። ብዙ አትቆይም፣ በቅርቡ እናስወጣታለን ማለት ይሆናል። ሌላው ንባብም አለ።

ጋሼ ወረቀቱን አየው። አንድ መስመር ለማንበብ ከሚበቃው ጊዜ በላይ አየው። የእርሳሱ ጫፍ ካቆመበት ፊደል ላይ አልተነሳም። ከዚያ በግራ እጁ ወረቀቱን በፊቱ ደፋውና «ቀጥይ» አለኝ።

አልጀመርኩም።

«የት ደረስን?» አለ።

«ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ሁለተኛው አንቀጽ።»

«ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። ያነበብኩትን አስታውሳለሁ፤ አለመረዳት የለመድኩ ሰው ሆኜ ሳለ ይህን ግን አስታውሳለሁ። «ራሱን የሚገዛ ሰው ነጠላ ሰረዝ ሐዘን በሐመሩ ሐ ቢመጣበት እንኳ ነጠላ ሰረዝ ከመንገዱ አይወጣም አራት ነጥብ።» እርሳሱ ሐዘን ላይ ደርሶ አለፈ። ትክክል ነበር። በሐመሩ ነበር የታተመው።

ስልኩ ያለው ጸሐፊዋ ክፍል ነው። ኮሪደሩን ተሻግሮ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ለአንዲት ቃል በረንዳ ላይ ሁለት ሰዓት የጠበቀ ሰው ዐሥራ ሁለት እርምጃ አልተራመደም። እኔም አልተራመድኩም።

አራት ሰዓት አለፈ። አንድ ገጽ ላይ የተደገመ ቃል አግኝቶ ሰረዘ። ሌላ ገጽ ላይ የተገለበጠ ጥቅስ ምልክት አስተካከለ። አምስት ሰዓት ሲሆን ትንሽ እንረፍ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ድምፄ ስለሰለለ ነው ብሎ እንዲያስብ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስድስት ሰዓት ላይ እናርፋለን አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ መነጽሩ ላይ ጠብ አለ፤ መነጽሩን ጠርጎ መልሶ አደረገው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እርሳሱን አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። ኮቱን ለበሰ። ከዚያ ወጥቶ በግቢው መሐል ሮጠ። በኮሪደሩ መስኮት አየሁት። ጥበቃው ከወንበሩ ተነስቶ አፉን ከፍቶ ተመለከተው። አንድ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ መሮጥ እንደረሳ ሰው ነበር የሚሮጠው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረስኩ። በበሩ ትይዩ ያለው አልጋ አንሶላው ተነስቶ ፍራሹ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፍራሹን ያያል። ኮቱን አላወለቀም።

ተረኛዋን ሲስተር ኮሪደር ላይ አገኘኋት። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው ያረፈችው አለችኝ። ስልኩን የደወለችው ራሷ ነበረች። እንዴት እንዳለችው ጠየቅኋት።

«አትቆይም አልኩ፤ ንገሩት አልኩ። በስልክ እንደዚህ ነው የምንለው። ሌላውን ቃል ለቤተሰብ በስልክ አንልም።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«እኔ ገባ ወጣ እል ነበር። ከአንድም ሁለት ጊዜ ሰዓት ጠየቀችኝ። አራት ተኩል ነው ስላት ገና ነው አለች። ወንድሜ የሚወጣው ስድስት ሰዓት ነው አለች።» ሲስተሯ የያዘችውን መዝገብ ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። አንቺም ባትነግሪው ጥሩ ነው።»

አልነገርኩትም። እስካሁን አልነገርኩትም።

ከተቀበረች በኋላ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም አንድ ነገር ነበር የሚጠብቀው፤ እንደ ያኔው ይጠፋል ብሎ። አለቃው ሹፌሩን ወደ ጋሼ ቤት ላከው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ አበባ ሲያጠጣ አየሁት ብሎ ተመለሰ። ጸሐፊዋ አለቀሰች። እሷ የገባት ሊያስወጧት ነው የሚለው ነበር፤ የምሥራች እንዳስቀመጠችለት ቆጥራ ነው በእግሯ ጣት እየተራመደች የወጣችው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ማልቀሷን ተወች።

ሰኞ ዕለት ሁለት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ገባ። ተላጭቷል። ትንፋሹ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለው ጥንካሬ ያስደስተኛል ብዬ ነበር የማስበው፤ ሳየው ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ተቀመጠ። ረቂቁን ከፈትኩ።

«ቆይ» አለኝ። «አንቺ እንዴት ነበር ያነበብሽው?»

ምኑን ብዬ አልጠየቅሁትም።

«እንደ ሁለተኛው» አልኩት።

«ሁለት መንገድ ይነበባል።»

«ይነበባል።»

«አሻሚ ነው። ማንም ሰው ሊስተው ይችላል።»

አዎ እንድለው ፈልጎ ነበር። ፊቱ ላይ ይህን ያህል ልመና አይቼ አላውቅም። ለሌላ ሰው ቢሆን እለው ነበር።

«ጸሐፊዋ ስታዋለች» አልኩት። «አንተ አልሳትከውም፣ ጋሼ።»

ከመስኮቱ ማዶ ሁለት ሠራተኞች ወረቀት በጋሪ እየገፉ አለፉ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀጥይ አልከኝ።»

ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት ስለ ባለቤቴ ይህንኑ ቃል በስልክ ሰምቻለሁ። እኔ ያን ዕለት ሮጬ ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል በራሴ አፍ ለማንም ላለማለት ስጠነቀቅ ኖሬያለሁ፤ ሐሙስ ዕለትም የተጠነቀቅሁት ለዚያ ነው። ይህን ያህል አላብራራሁለትም።

«ፈርቼም ነው» አልኩት።

«እኔም» አለ። ቀጥሎ የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ። «ከወጣሁ የምጠጣ መሰለኝ። እሷ ጋ ሳልደርስ፣ መንገድ ላይ። እስከ ስድስት ከቆየሁ ደግሞ አልጠጣም። ይቺን ነው ያሰብኳት። ሌላ አላሰብኩም።»

አንገቱን ደፍቶ ቆየና የሐሙስ ገጾችን እንዳመጣለት ጠየቀኝ፤ ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ያረምናቸውን ብቻ። ሃያ ሁለት ገጽ ነበሩ። ረቂቁንም ከጎናቸው ዘረጋሁለት።

እርሳሱን አንስቶ ከመቶ ዐሥራ ሁለት ጀመረ። እንዳነብለት አልፈለገም። ብቻውን፣ አንዴ ረቂቁን አንዴ ፕሩፉን እያየ፣ ፊደል በፊደል። መጀመሪያ የሚያደርገው አልገባኝም ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ነው የገባኝ። ስህተት እየፈለገ ነበር። ያመለጠው አንድ ነጥብ፣ ንጉሡ ሠ መሆን ሲገባው እሳቱ ሰ ሆኖ ያለፈ አንድ ፊደል። ያን ጠዋት ግማሽ ልቡ እንኳ ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚያሳይ ነገር።

ወንበሬን ወደ እሱ ጎን አዙሬ አብሬው አየሁ። ዘጠኝ ዓመት ስህተት እንዳይገኝ ስመኝ ኖሬ ያን ዕለት እንዲገኝ ተመኘሁ። መቶ ሃያን አለፍን። መቶ ሃያ ስድስት ላይ አንድ ቃል ላይ እርሳሱ ቆመ። ረቂቁን አየ። ልክ ነበር። ቀጠለ።

የመጨረሻውን ገጽ ሲገለብጥ አምስት ሰዓት ሊሞላ ነበር። ገጾቹን ሰብስቦ ጠርዛቸውን በጠረጴዛው ላይ ጠፍ ጠፍ አድርጎ አስተካከለ።

«አንድም የለም» አለኝ።

«የለም።»

«ሙሉ በሙሉ እዚህ ነበርኩ ማለት ነው።»

እንደ ደንቡ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ታርሟል» ብሎ ጽፎ ፈረመ፤ ቀኑን የሐሙስን አደረገው። እርሳሱን አስቀመጠ። ቀጣዩ ምዕራፍ ከፊቴ ተከፍቶ ነበር፤ ቀጥይ አላለኝም፣ እኔም አልጀመርኩም። ሁለታችንም አንዲት ፊደል ሳናነብ ተቀመጥን። ስድስት ሰዓት እስኪሆን ግን ከወንበሩ አልተነሳም።